ጥይትን እርጥበት ባለበት ቤት ማስቀመጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ሂውስተን፣ ቴክሳስ ነው። በሰመር ጠዋት ከቤት ስትወጡ መነጽራችሁ ወዲያው ጉም ይለብሳል። የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ቅርብ ስለሆነ የጠዋቱ እርጥበት 90 በመቶ አካባቢ መድረሱ ብርቅ አይደለም። እንዲህ ባለ ከተማ ቁም ሳጥን ውስጥ የከረመ ጫማ ይሻግታል፤ ጥይትም ይዝጋል።

ለአደን ወይም ለዒላማ ልምምድ ብለው ሕጋዊ መሣሪያ የያዙ ብዙ የአገሬ ልጆች አውቃለሁ። ሱቅ ስላላቸው የያዙም አሉ። ጠመንጃውን ይወለውሉታል፣ ዘይት ይቀቡታል። ጥይቱን ግን ጋራዥ ጥግ ጥለውት ይከርማሉ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን፣ ሰዎችም ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

እርጥበት ጥይትን ምን ያደርገዋል? ድፍን ብረት አይደለም እንዴ?

አይደለም። አንድ ጥይት አራት ነገር ነው፦ ሁሉን የያዘው ቀለህ፣ ባሩድ፣ ተተኩሶ የሚሄደው አረር፣ እና ከቀለሁ ግርጌ ያለችው ትንሽ ክብ መለኮሻ። ቀለሁ አብዛኛውን ጊዜ ናስ ነው፤ ከ100 እጁ 70 መዳብ፣ 30 ዚንክ። ናስ እንደ ብረት ቀይ ዝገት ባያወጣም እርጥበት ሲያገኘው ይጠቁራል፣ ቀስ በቀስም አረንጓዴ ይሆናል። የክላሽ ጥይት ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀለሁ ብረት ነው። ላዩ ላይ ስስ ሽፋን ይደረግለታል። ሽፋኑ በተፋቀበት ቦታ ሁሉ ዝገት ይጀምራል።

የውጪው ጉዳት በዓይን ይታያል። የሚያስፈራው የውስጡ ነው። አረሩ ቀለሁን በሚገናኝበት አፍና መለኮሻዋ በገባችበት ዙሪያ ቀጭን ክፍተት አለ። ለጦር ሠራዊት የሚሠራ ጥይት ብዙውን ጊዜ እነዚህ ቦታዎች በቫርኒሽ ይታሸጋሉ። ከሱቅ የምትገዙት ሁሉ ግን እንደዚያ አይደለም። እርጥበት በዚያ ከገባ ባሩዱ በደንብ አይነድም፣ ወይም መለኮሻዋ ጭራሽ ትሞታለች። በተለይ ትንሿ 22 ካሊበር ጥይት አረሯ የሚቀመጠው ላላ ብሎ ስለሆነ በቶሎ ትጎዳለች። የሾት ገን ጥይትም እንዲሁ ነው። ፕላስቲክ ስለሆነ ውሃ የማይገባው ይመስላል፤ ጫፉ ግን የታጠፈ እንጂ የታሸገ አይደለም።

ስንት በመቶ እርጥበት ነው የሚፈለገው?

ከ50 በመቶ በታች ከሆነ እንቅልፋችሁን ተኙ። እስከ 60 ድረስ ለጥቂት ጊዜ ምንም አይልም። ከ60 በላይ ሲሆን ዝገት መፍጠን ይጀምራል። ሙቀቱም ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ከዚያም በላይ ደግሞ ቶሎ ቶሎ የማይዋዥቅ ቢሆን ጥሩ ነው።

ይህን በግምት አትሥሩት። ትንሿ ዲጂታል የእርጥበት መለኪያ ከ10 እስከ 15 ዶላር ትገኛለች። ስትገዟት ፈትኗት። አንድ ማንኪያ የገበታ ጨው የጠርሙስ ክዳን ላይ አድርጉ። ጥቂት የውሃ ጠብታ ጨምሩበትና እንደ ሊጥ ይሁን፤ አይቅጠን። ከመለኪያዋ ጋር በሚታሸግ ላስቲክ ውስጥ አስገብታችሁ አሳድሯት። ጠዋት 75 በመቶ ማሳየት አለባት። 70 ካለች 5 ቀንሳ ነው የምታነበው ማለት ነው፤ ያንን ጀርባዋ ላይ ጻፉት።

ጋራዥ ውስጥ ባስቀምጠው ምን ችግር አለው? በደንብ በሚዘጋ ሳጥን ነው ያደረግኩት።

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው። መልሱን ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ፤ እኔ የተሳሳትኩትም እዚሁ ላይ ነው።

የዛሬ ጥቂት ዓመት ሁለት ትላልቅ የጥይት ሳጥን ገዛሁ። ክዳናቸው ጎማ ያለው፣ ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋ። ጋራዥ ውስጥ ሰመሩን ሙሉ የከረመውን ጥይት ከነካርቶኑ አስገብቼ ዘጋሁ። ቀኑ ነሐሴ አጋማሽ ነበር፤ ሙቀቱ ሸሚዝ ያጣብቃል። ከዚያ ረሳሁት። በዓመቱ ስከፍተው ካርቶኑ ልፍስፍስ ብሏል። ከታች የነበሩት ጥይቶች አረንጓዴ ነጠብጣብ አውጥተዋል። ሳጥኑ ምንም አልሆነም፤ አንድ ጠብታ ውሃ ከውጭ አላስገባም። ውሃውን ያስገባሁት እኔው ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አየር ሙቅ ሲሆን ብዙ የውሃ ተን ይሸከማል። ሲቀዘቅዝ ያንን መሸከም ያቅተውና ጤዛ አድርጎ ይጥለዋል። 30 ዲግሪ የሞቀ፣ እርጥበቱም 80 በመቶ የሆነ አየር 26 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ማላብ ይጀምራል። ሌሊቱ ከዚያ በታች ከወረደ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ጥይት ያልበዋል ማለት ነው። እርግጥ ሳጥኑ ውስጥ ያለው አየር ብቻውን የሚይዘው ውሃ ጥቂት ነው። ብዙውን ውሃ የያዘው ካርቶኑ ነው። ካርቶን እርጥበትን እንደ እስፖንጅ ይመጥጣል። ከርሞ የመጠጠውን ሁሉ ሳጥኑ ውስጥ ቀስ እያለ ይተነፍሰዋል።

ሌላም አለ። ጋራዥ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። የክዳኑ ጎማ ትንሽ እንኳ ካረጀ ሳጥኑ ይተነፍሳል። ቀን አየሩ ሲሞቅ ያስወጣል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከውጭ ይስባል። የሚስበው ደግሞ ያንኑ እርጥብ አየር ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ሳጥኑ በደንብ ይዘጋል ወይ ብቻ አይደለም። የት ሆናችሁ፣ በምን ዓይነት አየር ውስጥ ዘጋችሁት? ጥይቱን ከነካርቶኑ ኤሲ (አየር ማቀዝቀዣ) ያለበት ክፍል ውስጥ ክዳኑን ከፍታችሁ ሁለት ሦስት ቀን አቆዩት። መለኪያዋ ከ50 በታች ስታሳይ እዚያው ክፍል ውስጥ ዝጉት።

ታዲያ ቤት ውስጥ የት ላድርገው?

ኤሲ በሚደርስበት መኝታ ቤት፣ የቤቱ የውስጥ ግድግዳ ላይ ባለ ቁም ሳጥን ውስጥ። ወለሉ ላይ አታስቀምጡት። ጣውላ ወይም መደርደሪያ ላይ ከፍ አድርጉት። የኮንክሪት ወለል እርጥበት ይስባል፤ ቧንቧ ቢፈነዳም ውሃው መጀመሪያ የሚያገኘው ወለሉን ነው።

ከጣሪያ ስር ያለው ኮርኒስ ፈጽሞ አይሆንም። ቴክሳስ ውስጥ በሰመር ከ50 ዲግሪ በላይ ይግላል። ባሩድ ሲሠራ እንዳይበሰብስ የሚያደርግ ማረጋጊያ ኬሚካል ይገባበታል። ሙቀት ሲበዛ ማረጋጊያው ቶሎ ያልቅና ባሩዱ ራሱን መብላት ይጀምራል፣ አሲድም ያወጣል። መኪና ውስጥ ትቶ መክረምም እንደዚያው ነው። መታጠቢያ ቤት፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ የወጥ ቤት ሲንክ ስር፣ እነዚህን ገና ስሙን ስትሰሙ መተው ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላላችሁ ቤዝመንት (ምድር ቤት) ይመቻል፤ ግን እርጥበት መምጠጫ ማሽን ከሌለው እሱም ከጋራዥ አይሻልም።

የትኛው ሳጥን ይሻላል?

የአሜሪካ ጦር የሚጠቀምበት አረንጓዴው የብረት ሳጥን፣ ኤም 2 ኤ 1 የሚባለው፣ ዋጋውን የሚያክል ዕቃ ነው። ያገለገለ ከገዛችሁ ጎማውን ፈትኑት። የበራ የእጅ ባትሪ ውስጡ አድርጋችሁ ዝጉና ጨለማ ክፍል ውስጥ ዙሪያውን እዩት። ብርሃን የሚያሾልክ ሳጥን አየርም ያሾልካል። ቀጥላችሁ ወረቀት በክዳኑና በአፉ መካከል አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት። በአራቱም ጎን አልወጣም ብሎ መያዝ አለበት። ጎማው የደረቀ ከሆነ ስስ የሲልከን ቅባት ያነቃዋል። የተሰነጠቀ ከሆነ ግን መቀየር ነው።

ጎማ ያለው የፕላስቲክ ሳጥንም ይሠራል። አይዝግም፣ ቀላልም ነው። ክዳኑ ብቻ እንዳይጣመም ከላዩ ከባድ ነገር አትጫኑበት። ክብደቱን አትናቁ፤ 1000 የ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ጥይት 12 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ሁለት ሦስት ሳጥን ከላይ መደርደሪያ ላይ ሰቅሎ ማስቀመጥ ለጥይቱ ሳይሆን ለራስ ቅላችሁ አደጋ ነው።

ሲሊካ ጄል ያስፈልጋል? ሩዝ ወይም ጨው አይተካውም?

ሲሊካ ጄል፣ እርጥበት የሚመጥጠው ፍሬ፣ ያስፈልጋል። 50 ግራም ያህል ለአንድ ሳጥን ይበቃል። አየሩ በጣም እርጥብ ሲሆን ከራሱ ክብደት ሲሶ ያህል ውሃ መጥጦ ይይዛል፤ አያንጠባጥብም። ቀለም ያለውን ግዙ። ብርቱካናማው ሲጠግብ አረንጓዴ ይሆናል፤ ያኔ 120 ዲግሪ ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት ሲደርቅ እንደገና ያገለግላል። ከማድረቃችሁ በፊት መያዣው ሙቀት የሚችል መሆኑን ማሸጊያው ላይ አንብቡ። ሰማያዊውን ግን እኔ ቤቴ አላስገባም። ቀለሙ የሚመጣው ከኮባልት ክሎራይድ ነው፤ መርዛማ ስለሆነ ምግብ በምታበስሉበት ኦቭን ውስጥ መግባት የለበትም።

ቁም ሳጥን ለማድረቅ የሚሸጠውን፣ ውሃ እየሆነ ታች የሚጠራቀመውን ነጭ እንክብል ጥይት ሳጥን ውስጥ አታስገቡ። ካልሲየም ክሎራይድ ነው። የሚጠራቀመው ፈሳሽ የጨው ውሃ ነው፤ ከተደፋ ናሱንም ብረቱንም ይበላዋል። ክፍሉን ለማድረቅ ራቅ አድርጋችሁ ብትጠቀሙበት ግን ጥሩ ነው።

ሩዝ የሚመጥጠው ጥቂት ነው፣ አቧራው ይቀራል፣ ነቀዝም ይጠራል። ጨው ደግሞ ጭራሽ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አገራችን ውስጥ አሞሌ ጨውም ጥይትም እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግሉ ነበር። ገበያ ላይ ጎን ለጎን ይዋሉ እንጂ አንድ ሳጥን ውስጥ ግን ባላንጣ ናቸው።

ጥይቱን ከካርቶኑ ላውጣው?

አታውጡት። ካርቶኑ ላይ የምርት ቁጥር አለ። ፋብሪካው «ይህን ምርት መልሱ» ብሎ ቢያውጅ የምታውቁት በዚያ ቁጥር ነው። ዓይነቱና መጠኑም እዚያው ተጽፏል። የተቀላቀለ ጥይት፣ የማይሆነው ወደማይሆነው መሣሪያ ሲጎርስ ሰው ይጎዳል። ካርቶኑ እርጥብ ከሆነ ቅድም እንዳልኩት አድርቁት እንጂ አትጣሉት።

አባቴ የተወልኝ የቆዳ ዝናር አለ። ጥይቱን እዚያው ልተወው?

ዝናሩን ግድግዳ ላይ ስቀሉት፤ ክብር ያለው ዕቃ ነው። ጥይቱን ግን አውጡት። ቆዳ ሲለፋ የገባበት አሲድና ጨው ውስጡ ይቀራል። እርጥበት ሲያገኝ ከናስ ጋር ይዋሃድና አረንጓዴ፣ ሰም የመሰለ ነገር ያወጣል። አሮጌ ዝናር ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ጥይቱ ከቆዳው ጋር ተጣብቆ በጉልበት ነው የሚወጣው። የቆዳ የሽጉጥ ማኅደርም እንደዚያው ነው፤ ሽጉጡንም ጥይቱንም ዓመት ሙሉ እዚያ ውስጥ ማኖር ጥሩ አይደለም።

ከጽዳት ዕቃዎች ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ ቢሆንስ?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ አስገራሚ ታሪክ ስላለው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ጦር ሕንድ ውስጥ ሳለ፣ የዝናቡ ወራት ሲገባ ጥይቱን በፈረስ ጋጣ ውስጥ ያከማች ነበር። ዝናቡ ሲያበቃ ሊጠቀሙበት ሲያወጡት ቀለሁ ተሰነጣጥቆ ይገኛል። አልዛገም፣ አልተመታም። ዝም ብሎ ተሰንጥቋል። ምክንያቱ በአጥጋቢ ሁኔታ የተብራራው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። ከፈረሶቹ ሽንት አሞኒያ ይወጣል። ቀለህ ሲሠራ ናሱ በኃይል ተስቦ ስለሚቀጥን ውስጡ ውጥረት ይቀራል። አሞኒያ፣ እርጥበትና ያ ውጥረት ሲገናኙ ናሱ ይሰነጠቃል።

ዛሬም ያው ነው። መስታወት ማጽጃው ብዙ ጊዜ አሞኒያ አለበት። የድመት አሸዋም አሞኒያ ያወጣል። ጥይት ከሁለቱም ይራቅ። አገር ቤት ከብት ከሰው ጋር በሚያድርበት ቤት፣ ወይም በረት አጠገብ ባለ ጎተራ ውስጥ ጥይት ያኖረ ሰውም ሕንድ ውስጥ የነበረው ወታደር የገጠመው ሊገጥመው ይችላል። የተሰነጠቀ ቀለህ ሲተኮስ የጋለው ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመለስ ይችላል።

ዘይት ብቀባውስ?

አይሆንም። ሰርጎ የሚገባ ዘይት በመለኮሻዋ ዙሪያ ገብቶ ሊያከሽፋት ይችላል። ጥይት የሚፈልገው ደረቅ ጨርቅ ብቻ ነው። ስትይዙትም የላበ እጅ ጨው እንደሚተው አትርሱ።

ከፈትኩትና አረንጓዴ ነገር ወይም ዝገት አየሁ። ልተኩሰው?

መጥቆር ብቻ ከሆነ፣ ማለትም ናሱ ብሩህነቱን አጥቶ ቡናማ ከሆነ ችግር የለውም። መልክ ነው። በደረቅ ጨርቅ ሲወለወል የሚለቅና ከስሩ ለስላሳ ናስ የሚታይ አረንጓዴም እንዲሁ ሊታለፍ ይችላል። ቶሎ ተጠቀሙበት፣ መልሳችሁ አታከማቹት።

ከስሩ ጉድጓድ ካለ፣ ዝገቱ በጥፍር ሲነካ ከተፈረፈረ፣ መለኮሻዋ ዙሪያ አረንጓዴ ከሆነ፣ ቀለሁ ላይ ስንጥቅ ወይም ሮዝ የመሰለ ነጠብጣብ ከታየ፣ አረሩ ከተወዛወዘ፣ ጣሉት። ሮዙ ነጠብጣብ ዚንኩ ከናሱ ተበልቶ ወጥቶ መዳቡ ብቻውን መቅረቱን ነው የሚያሳየው። ሳጥኑ ሲከፈት ኮምጠጥ ያለ፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ካለውም ባሩዱ እየበሰበሰ ነው።

«ጣሉት» ስል ቆሻሻ ውስጥ ማለቴ አይደለም። መቅበርም፣ ማቃጠልም የለም። የፖሊስን የድንገተኛ ያልሆነ ስልክ ደውላችሁ የት እንደሚረከቡ ጠይቁ። አንዳንድ የዒላማ ሜዳዎችና የከተማ የአደገኛ ቆሻሻ መረከቢያዎችም ይቀበላሉ። አሳልፋችሁ ለሌላ ሰው አትስጡት። እናንተ የፈራችሁትን ጥይት ሌላው ለምን ይተኩሰው?

ጎርፍ ገባብኝ። ባደርቀው አይሆንም?

አይሆንም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 ሀሪኬን ሃርቪ ሂውስተንን ሲያጥለቀልቅ ብዙ ሰው ይህን ጠይቋል። ጥይት አምራቾች እ.ኤ.አ. በ1926 የመሠረቱት ሳሚ የተባለው የአሜሪካ ተቋም አቋሙ ግልጽ ነው፤ ውሃ ውስጥ የገባ ጥይት ቢደርቅም መጠቀም አይገባም። ከውጭ ደርቆ ያምራል። ውስጡ ያለው ባሩድ ምን እንደሆነ ግን ማንም ማየት አይችልም። ወጪው ያናድዳል፣ አውቃለሁ። ቢሆንም አስወግዱት።

ምላጩን ስቤ ቢከሽፍ ምን ላድርግ?

አትደንግጡ፣ አታዙሩትም። አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንደያዛችሁ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቁ። እርጥበት የነካው መለኮሻ ዘግይቶ ሊነድ ይችላል። ከጠበቃችሁ በኋላ በጥንቃቄ አውጡትና ለብቻው አስቀምጡት፤ ደግማችሁ አትሞክሩት።

ከዚህ የሚብሰው ድምፁ «ጠፍ» ብሎ ቀስ ያለው ነው። እርጥብ ባሩድ አረሩን እስከ ጫፍ ሳያደርስ የመሣሪያው ቱቦ መሃል ሊተወው ይችላል። ቀጣዩን ከተኮሳችሁ መሣሪያው እጃችሁ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ድምፁ ከወትሮው ከተለየ አቁሙ። ጥይቱን ሁሉ አራግፉ፣ ቱቦው ክፍት መሆኑን ሳታዩ ሌላ አታጉርሱ።

ቤት ቢቃጠል ይፈነዳል?

እንደ ፊልሙ አይደለም። ከመሣሪያ ውጭ ያለ ጥይት ሲግል ቀለሁ ይፈነዳል፣ ቁርጥራጩም ይስፈነጠራል። ዙሪያውን የሚይዘው ቱቦ ስለሌለ አረሩ እንደተተኮሰ አይሄድም። የጎረሰ መሣሪያ ግን በእሳት ውስጥ እንደ ተተኮሰ ሆኖ ይተኩሳል። ስለዚህ አጉርሶ ማስቀመጥ አይገባም። እሳት አጥፊዎች ሲመጡ ጥይት የት እንዳለ ንገሯቸው።

ልጆች አሉኝ። ሕጉስ ምን ይላል?

እርጥበት የማይገባው ሳጥን ቁልፍ ያለው ሳጥን ማለት አይደለም። የጦር ሳጥኑን ክዳን የስድስት ዓመት ልጅ ይከፍተዋል። ጥይቱን በቁልፍ፣ መሣሪያውንም በሌላ ቁልፍ፣ ለየብቻ አድርጉ። በዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር አልከራከርም።

ቴክሳስ ውስጥ የጎረሰ መሣሪያ በቸልተኝነት ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጅ ከገባ ባለቤቱ በወንጀል ይጠየቃል። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2023 ሕጓን አጥብቃ ዕድሜውን ወደ 18 ከፍ አድርጋለች። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ደግሞ የተመዘገበ መሣሪያ የሌለው ሰው፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ጥይት ብቻውን ይዞ መገኘቱ ራሱ ወንጀል ነው።

አዲስ ለመጣችሁ አንድ ነገር ላስምርበት። በፌዴራል ሕግ መሣሪያ መያዝ የተከለከለ ሰው ጥይትም መያዝ አይችልም። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው፣ እንደ አደን ፈቃድ ያሉ የተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች ካላሟላ በቀር፣ ከተከለከሉት ውስጥ ነው። «ጥይቱን ብቻ ነው ያስቀመጥኩለት» ብሎ የጓደኛን አደራ መቀበል ከአገር ሊያስባርር ይችላል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሌላ ክልከላ ከሌለበት ይፈቀድለታል።

አገር ቤት ላሉ ዘመዶቼ ይህ ሁሉ ይሠራል?

ሳይንሱ አንድ ነው። የኢሉባቦርና የከፋ ክረምት፣ የጋምቤላ ወበቅ ከሂውስተን አይተናነስም። ኤሲ ባይኖርም መርሁ ይሠራል። ከመሬት ከፍ፣ ከምድጃ ራቅ፣ ከበረት ራቅ ይበል። ሳጥኑን ለመክፈትና ለመዝጋት የበጋን ደረቅ ቀን ምረጡ፤ ታኅሣሥና ጥር ጥሩ ናቸው። የሐምሌ ጠዋት ግን አይሆንም። ሕጉን በተመለከተ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያ ያለፈቃድ መያዝ አይቻልም።

ከዚህ ስትሄዱ ደግሞ ሻንጣችሁን አራግፉ። ለአደን የያዛችሁትን ቦርሳ ለቦሌ ጉዞ ብትጠቀሙበት፣ ኪሱ ውስጥ የተረሳች አንዲት ጥይት ኤርፖርት ላይ ልታስቀራችሁ ትችላለች።

በደንብ ከተያዘ ስንት ዓመት ይቆያል? በየስንት ጊዜውስ ልክፈተው?

ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ከሆነ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል። ቢሆንም አሮጌውን ቀድማችሁ ተጠቀሙ፣ አዲሱን ከኋላ አድርጉ።

ዝም ብላችሁ ቶሎ ቶሎ አትክፈቱት፤ በከፈታችሁ ቁጥር አየሩን ትቀይራላችሁ። እኔ በዓመት ሁለት ጊዜ እከፍታለሁ፣ ኤሲ ባለበት ክፍል። ሳጥኑን ከቀዝቃዛ ቤት አውጥታችሁ ወደ ሙቁ ሜዳ ስትወስዱት ደግሞ እንደ ውጭው እስኪሞቅ አትክፈቱት። አለበለዚያ እንደ መነጽራችሁ ጥይቱም ጉም ይለብሳል። ክዳኑ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ ሦስት ነገር እጽፍበታለሁ፦ የዘጋሁበትን ቀን፣ መለኪያዋ ያነበበችውን እና ሲሊካውን የቀየርኩበትን ቀን። ያለፈው ሳምንት የጻፍኩት 43 በመቶ ይላል።